ለሳሎን የተመረጠችው

ለቤት የሰው ሥዕል መምረጥ ጣጣ ነው። ተራራ ብትሰቅሉ ተራራ ነው፤ አበባ ብትሰቅሉ አበባ ነው፤ ዝም ብሎ ይቀመጥላችኋል። ሰው ግን ያያችኋል። ስትበሉ ያያል፣ ስትጣሉ ያያል፣ በሌሊት ልብስ ስትንጎራደዱ ያያል። ለዚህ ነው እኛ ሱቅ ሰው ያለበት ሥዕል ወዲያው የማይሸጠው። መጀመሪያ ሳምንት ቤታችሁ ይከርማል። ከለመዳችሁት የእናንተ ነው። ዓይኑን መሸሽ ከጀመራችሁ ደግሞ መልሱልን፣ ቅር አይለንም።

ይህን ደንብ ያወጡት የሱቁ ባለቤት ጋሽ ወደግራ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን የተሰቀለ ሥዕል ባዩ ቁጥር «ትንሽ ወደ ግራ» ስለሚሉ እንዲህ ሆነው ቀሩ። ቀጥ ያለውንም ወደ ግራ ይላሉ። እኔ መሰላልና ውሃ ልክ ተሸክሜ ሰው ቤት የምሄደው ነኝ። ከቤቱ ሰዎች ጋር እመርጣለሁ፣ ምስማር እመታለሁ፣ እሰቅላለሁ፣ ሳምንቱ ሲሞላ ተመልሼ «እንዴት ነው፣ ተስማማችሁ?» እላለሁ።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ወደ ጥርስ ሐኪሙ ለመድረስ ነው።

ሱቃችን የመጣ ቀን ከመግባቱ «ለሳሎን የሚሆን ሰው እፈልጋለሁ» አለ። እኔን ሳቅ አመለጠኝ፤ እሱ እስከ ጆሮው ቀላ። ረጅም ነው፣ ጫማው ያበራል፣ ሲናገር መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቤቱን ያሠሩለት እናቱ ናቸው፤ አብረውት ይኖራሉ። ሶፋውን እሳቸው መረጡ፣ መጋረጃውን እሳቸው መረጡ፣ የሚያበራውንም ጫማ እሳቸው መረጡ። ሥዕል ላይ ሲደርሱ ደክሟቸው ኖሮ «እሱን እንኳ አንተ ምረጥ» አሉት።

እሱም መምረጥ አቃተው። መጀመሪያ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ወሰደልን። ሳምንቱ ሲያልቅ መለሰው። የሚመልስ ሰው ምክንያቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከሥዕሉ ጀርባ እንዲለጥፍልን እንጠይቃለን፤ አብዛኛው ሰው «ቀለሙ አልሄደም» ብሎ ይገላገላል። የእሱ ግን «ሽማግሌው ተነስቼ ቦታ እንድለቅለት የሚጠብቅ ይመስላል» ይል ነበር። ቀጥሎ የሚንሾካሾኩ ሁለት ሴቶች ወሰደ። «የሚያሙት እኔን ነው። ማስረጃ ግን የለኝም» ብሎ መለሳቸው። ጋሽ ወደግራ አንብበው «ይሄ ሰው ጤና የለውም» አሉ። እኔ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ቤቱ በሄድኩ ቁጥር መሰላሉን ይይዝልኝ ነበር። «ደንበኛ መሰላል አይዝም» ብዬ ብነግረውም አልሰማ አለ።

«እርስዎ ከወደቁ እኔ የማውቀው ጥርስ ብቻ ነው» አለኝ። «ስለዚህ ባይወድቁ ይሻላል።»

ሌላ ቀን ደግሞ ምስማር እየመታሁ «ዛሬ ብዙ አወሩ» ስለው፣ «ቀኑን ሙሉ የማወራው አፋቸውን ከከፈቱ ሰዎች ጋር ነው» አለ። «አንዱም አይመልስልኝም። እርስዎ ይመልሱልኛል።» መዶሻው አውራ ጣቴን አገኘው። ጮህኩ። እሱ ደንግጦ ጣቴን ያዘ፣ ያዘና ሳይለቅ ቆየ፣ እኔም ልቀቀኝ አላልኩም። ከዚያን ቀን በኋላ አንቱታው በየት በኩል እንደወጣ አላውቅም፤ ብቻ «አንቺ» «አንተ» ስንባባል ራሳችንን አገኘነው። ልጅ ያቀፈውን አባት ሥዕል ሲመልስ ወረቀቱ ላይ «ይሄኛው ጥሩ ሰው ነው። ግን አንቺ ሰቅለሽው ስትሄጂ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ የእሱ ጥፋት አይደለም» ብሎ ጽፎ ነበር። ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ወድጄው ነበር፣ ሌላ ምን ልበላችሁ።

ችግሩ እናቱ ቤት እኔ የምገባው በጓሮ በር መሆኑ ነው። አጎቴ የፀጉር ቤትና የጎማ መጠገኛ ማስታወቂያ እየጻፈ ነው ከእናቴ ጋር ያሳደገኝ። ሲመሽ ለራሱ ሥዕል ይሥላል፤ ሲሞት ሥዕሎቹን ወደ ጋሽ ወደግራ ሱቅ አመጣናቸው። አንድ በአንድ ተሸጡ። አንዷን ለመሸጥ ግን አልጨከንኩም። እሷም እኔ ነኝ። ቤታችን ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ የተበጠሰ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ አንድ ሰው ጠርቶኝ ቀና ያልኩ ልጅ። እንዳትሸጥብኝ ጥጓ ላይ ቀይ ነጥብ ለጠፍኩባትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኳት። ቀይ ነጥብ እኛ ዘንድ ተሸጧል ማለት ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ጉንፋን ጥሎኝ ቤት ዋልኩ። ጋሽ ወደግራ ሱቁን ሲያጸዱ ቀይ ነጥቧን አዩ። የተሸጠ ሥዕል እንዴት ሳይደርስ ይቀራል ብለው ተናደዱ። ገዢው ማን ሊሆን ይችላል? በየሳምንቱ የሚመላለሰው ሐኪም ነዋ! በብርድ ልብስ ጠቅልለው ላኩት።

«ልከውታል?!» አልኳቸው ስመለስ።

«ምነው፣ ስህተት ነው?»

«ጋሼ፣ የላኩት እኮ እኔን ነው!»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «እኔ እኮ የሆነ ቦታ አውቃታለሁ ብዬ ነበር» አሉ።

* * *

ሮጬ ቤቱ ስደርስ እናትየው ሥዕሉን በሾፌራቸው አሰቅለውት አገኘሁ፤ ያውም ሳሎኑ ውስጥ፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ እኔ ብሆን የምመርጥለት ቦታ ላይ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ያዩታል።

«እትዬ፣ ይሄ በስህተት የመጣ ነው፤ ልወስደው…»

«የት ትወስጂዋለሽ? ይቺንስ አልመልስም!» አሉ። «የሠራት ሰው ዓይን አለው። ልጅቷም ጨዋ ናት፤ አየሻት ስትቀመጥ?»

የራሴ ፊት ሥር መዶሻ ይዤ ቆሜ «አየኋት» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

እሱ በዚህ መሀል ከሥራ ገባ። ሥዕሉን አየ። እኔን አየ። ሥዕሉን ደግሞ አየ። አፉ እንደ ታካሚዎቹ ተከፍቶ ቀረ። እናቱ «አማረች አይደል?» ቢሉት ራሱን ነቀነቀ። ስወጣ ግን ጓሮ በር ድረስ ተከተለኝ።

«ማን ነበር የጠራሽ?» አለኝ። «እዚያ ደረጃ ላይ። ቀና ያልሽው ማን ጠርቶሽ ነው?»

«አጎቴ። ፊትሽን አሳዪኝ ብሎ።»

«ቀናሁበት» አለ። «እውነቴን ነው። እንደዚያ ቀና ብለሽ አንድ ቀን ብታዪኝ ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ቀና ብዬ አየሁት። እንግዲህ ሥዕሉ ላይ ያለችውን ልምሰል አልምሰል የሚያውቀው እሱ ነው።

«እናትህ እኔ መሆኔን አላወቁም» አልኩት። «ንገራቸው። ስለ ሥዕሉም፣ ስለ እኛም። ሌላ ሰው ነግሯቸው ከሚሰሙ።»

«እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «እነግራታለሁ አልኩሽ እኮ» አለ። እኔም አምኜው ሄድኩ፤ ግን መንገድ ላይ ያ የጉሮሮ ጠረጋ አልረሳ አለኝ።

* * *

አልነገራቸውም። ይልቅ እሳቸው ሱቅ ደወሉ። «ቅዳሜ ከሰዓት እንግዳ አለብኝ» አሉኝ። «የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከነባለቤቱ፣ ከነልጁ ይመጣል። ልጅቷ ለልጄ የታሰበች ናት፤ ቤቱንም ያሰናዳሁት ለትዳሩ ነው። መጥተሽ ሥዕሉን ቀጥ አድርጊልኝ።»

ክው አልኩ። ስልኩን አስቀመጥኩ። እኔ ጅሏ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የሌላ ሴት ቤት ግድግዳ ነው የማለብሰው! ሽማግሌው፣ ሴቶቹ፣ አባትየው፣ ሁሉም ለእሷ ነው! እሱስ? መሰላል መያዙ፣ ጣት መያዙ፣ ጨዋታ ነበር? እንዳልጠይቀው ኩራቴ ያዘኝ። በማግስቱ ሱቅ ሲደውልልኝ ጋሽ ወደግራን «የለችም ይበሉልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ዋሽተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ተጨነቁ፣ ተጨነቁና «የለችም ትላለች» ብለው ዘጉት።

ሱቅ ድረስም መጣ፤ በጀርባ ወጣሁ። ፍሬም መቁረጫው ጋ ቆሜ አለቀስኩ። ከሁሉ የከፋው ልጠላው አለመቻሌ ነበር።

* * *

ቅዳሜ ሄድኩ። ሥራ ነው፤ ቀርቼ «ምን ሆነች» እንዲባል አልፈለግኩም። ሳሎኑ ለእንግዳ ተሰናድቷል፣ ኩባያው ተደርድሯል። መሰላሉ ላይ ወጥቼ የራሴን ሥዕል በውሃ ልክ እያስተካከልኩ ሳለ እናትየው ከኋላዬ መጡ።

«ውረጂ።»

ወረድኩ።

«ዓይነ ስውር አይደለሁም» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ሥዕሉ የመጣ ዕለት ነው ያወቅኩሽ። አፍንጫሽ መች ተለወጠ? ልጄስ አፉን ከፍቶ ሲያይሽ መች አጣሁት?»

«ታዲያ ለምን ሰቀሉኝ?»

«ሥዕሉ ጥሩ ነዋ! እኔ ጥሩ ነገር ከየትም ይምጣ እሰቅላለሁ። ግድግዳዬ ላይ ሁኚ፣ እድሜ ልክሽን ኑሪ፣ ማንም አቧራ አያስነካሽም። ልጄን ግን ተይልኝ።»

«እኔ ልጅዎን አልሰረቅኩም፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። መች መረጠሽና! እሱ መርጦ አያውቅም፣ የኔ ልጅ። ሸሚዙን እኔ ነኝ የማወጣለት። ሰው ሥዕል አምጥቶ ሲሰቅልለት ዝም ብሎ ያያል፤ አንቺንም ሰው ፊቱ አመጣሽለት፣ አየሽ። ነገ ሌላ ቢያመጡለት እሷንም ያያል። እንዳትጎጂ ብዬ ነው።»

ሊጎዱኝ ብለው ቢሰድቡኝ ኖሮ እመልስላቸው ነበር። ግን ክፉ ሆነው አልተናገሩም፤ የተናገሩት እኔ ራሴ ስፈራው የከረምኩትን ነው። እውነትም እኮ አንድም ቀን «አንቺን» ብሎ በሰው ፊት አፉን ሞልቶ ተናግሮ አያውቅም። ዞሬ መሰላሉ ላይ ወጣሁና ሽቦውን ከምስማሩ አነሳሁት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሳምንቱ አላለቀም፣ እትዬ። ሥዕሉ ገና የሱቁ ነው።»

«እንግዳ ሊገባብኝ እኮ ነው!»

«ምስማሩ ይቀበላቸው» አልኩ። ብልግና እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እሷ እዚያ ተሰቅላ የእሱን ሙሽራ ስታይ እንድትኖር አልፈቅድም፤ ሥዕልም ቢሆን አልፈቅድም።

ሥዕሉ ከእኔ ቁመት ብዙ አያንስም። አቅፌው ወደ ኮሪደሩ ስወጣ የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። እሱ ከፊት፣ ሥራ አስኪያጁና ባለቤታቸው ከኋላ፣ ልጅቷ በመጨረሻ። ሁላችንም ቆምን። ከሥዕሉ በላይ የሚታየው ግንባሬ ብቻ ነበር፤ በእኔ ፈንታ ፊት ለፊት የምታያቸው ጫማዋ የተበጠሰባት ልጅ ናት።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«ወደ ቤቷ።»

«ማን አወረዳት?»

«እኔ ነኝ። ሙሽራህን አስገባ፤ እኛ እንወጣለን።»

«የምን ሙሽራ?» አለ። ዞር ብሎ እንግዶቹን አየ፣ ከዚያ ሳሎኑ በር ላይ የቆሙትን እናቱን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። «እማዬ፣ የድሮ ጎረቤቶቻችን ሻይ ሊጠጡ ነው አላልሽኝም?»

ሥራ አስኪያጁ አሳላቸው። ልጅቷ እናቷን አየችና «እኔንም ሻይ ነው ያሉኝ» አለች። ወይ ጉድ! ያን ጊዜ ነው ምንም እንደማያውቅ የገባኝ። ስሸሸው የከረምኩት ሰው ለካ እንደ እኔው ነው። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም፤ ግን የእናትየው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። አለማወቁ ይሁን። አሁንስ፣ አሁን አውቆ ምን ሊል ነው?

እናትየው ቶሎ ነገሩን ሊያበርዱ ገቡ። «በሉ ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ያቆማችኋል! አንቺ ልጅ፣ ሥዕሉን መልሰሽ ስቀዪና በጓሮ በኩል ውጪ፤ የሱቁን ነገር ሰኞ እንነጋገራለን። ሥዕሉ እንኳ ይቀመጥልን፤ ምን አጣላን።»

እኔ እሱን አየሁት። ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። አለቀ፣ አልኩ በሆዴ፤ አሁን «እማዬ እንዳለችው» ይላል፣ እኔም መሰላሌን ተሸክሜ እሄዳለሁ፣ ሁለተኛም ወደዚህ ሰፈር አልደርስም።

መጥቶ ሥዕሉን ከእጄ ተቀበለኝ። ግድግዳ አስደግፎ መሬት ላይ አቆመው።

«አይ» አለ። «ሥዕሉ ይሂድ። እሷ ትቀመጥ።»

«ምን አልክ?» አሉ እናቱ።

«እሷ ትቀመጥ አልኩ። ሥዕል ስመልስ የከረምኩት መምረጥ ስላቃተኝ አልነበረም፣ እማዬ። ተመልሳ እንድትመጣ ነው። መርጬ የጨረስኩት ሽማግሌውን ሰቅላ የወጣች ዕለት ነው፤ ፈርቼሽ ነው ያልነገርኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እናንተም ይቅርታ አድርጉልኝ።» የመጨረሻውን ለእንግዶቹ ነበር ያለው። ከዚያ ሳሎን ገብቶ ከጠረጴዛው ወንበር ስቦ ጀርባውን ይዞ ቆመ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በዚያ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ወይ መሰላል ላይ ነኝ፣ ወይ ቆሜ ነው። ከኮሪደሩ እስከ ወንበሩ ያለው መንገድ ረዘመብኝ። ሥራ ልብሴን ለብሼ፣ መዶሻዬ ወገቤ ላይ እንደተንጠለጠለ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ከጎኔ ስትቀመጥ የእጅ ቦርሳዋን ከመሀላችን አንስታ መሬት ላይ አደረገችው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም ያ ነገር ሊያስለቅሰኝ ደረሰ።

እናትየው ሻዩን መቅዳት ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ ስለ መንገድ መጨናነቅ አወሩ። ሚስታቸው ስለ መጋረጃው አወሩ። ሻዩ ሲዞር ሲዞር እኔ ጋ ደረሰ፤ እናትየው ኩባያውን አልሰጡኝም፣ ይዘውት ቆዩ። ልጃቸውን አዩት። እሱ አሁንም ወንበሬን እንደያዘ ነው፤ ራሱ አልተቀመጠም። ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ይህን ልጅ የት አውቀዋለሁ በሚል ዓይን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እናትሽ አሉ?» አሉኝ።

ከቤት ቤት፣ ከሳሎን ሳሎን ስዞር ስንት ሰው ምን ምን ጠይቆኛል። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

«አሉ» አልኩ።

«እንግዲያው ሌላ ጊዜ ወደዚህ ቤት ብቻሽን አትምጪ» አሉ ኩባያውን ፊቴ እያስቀመጡ። «ሴት ልጅ እንዲህ ላለ ነገር ብቻዋን አትመጣም። እሳቸውን ይዘሽ ነይ፤ በፊት ለፊቱ በር ግቡ። አሁን ጠጪ፣ ይቀዘቅዝብሻል። ደግሞ እንግዳ ፊት እንዳታለቅሺ!»

አለቀስኩ እንጂ! ኩባያውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት፣ ሚስታቸው ፊት፣ ልጅቷ ፊት፣ እሱ ፊት፣ እሳቸው ፊት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።